የአንጀት ካንሰርን በወቅቱ መለየት፦ ቅድሚያ ለማን?

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓመቱ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሽታው በሥርጭቱ ከካንሰር ዓይነቶች ሦስተኛ፣ በሚያስከትለው ሞት ደግሞ ሁለተኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የበለጸጉት ሀገራት ችግር ተደርጎ ሲታይ ቢቆይም፣ ዛሬ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሀገራትም በግልጽ እየታየ ነው። በኢትዮጵያም ከጡትና ከማሕፀን በር ካንሰር ቀጥሎ የሚጠቀስ ሲሆን፣ በወንዶች ዘንድ በቀዳሚነት ከሚነሱት መካከል ነው።

የበሽታው ባሕርይ ለመከላከል አመቺ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚጀምረው ፖሊፕ በመባል ከሚታወቅ አነስተኛ ሥጋ መሰል እድገት ሲሆን፣ ይህ እድገት ወደ ካንሰር ለመለወጥ በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፖሊፑ ቢገኝ በኮሎኖስኮፒ ሊወገድ ይችላል። ካንሰር ከሆነ በኋላም ከአንጀት ግድግዳ ሳይወጣ የተደረሰበት ታማሚ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በአሜሪካ በዚህ ደረጃ ላይ ከተገኙት ታማሚዎች 90 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ በሕይወት ይቆያሉ፤ በሽታው ወደ ጉበት ወይም ሳንባ ከተሠራጨ በኋላ ከተገኙት ውስጥ ግን ይህን ዕድል የሚያገኙት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ተደበላልቀው የሚቀርቡ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ምንም ምልክት የሌላቸውን ጤናማ ሰዎች በዕድሜያቸው እየጠሩ መመርመር፣ ማለትም ልየታ ነው። ሁለተኛው ምልክት ይዞ የመጣን ሰው ሳያዘገዩ ትክክለኛውን የምርመራ ውጤት መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለቱን ለይቶ ያስቀመጠ ሲሆን፣ አቅማቸው ውስን የሆኑ ሀገራት በሁለተኛው እንዲጀምሩ ይመክራል። ልየታ በርካታ ጤናማ ሰዎችን ስለሚያካትት የሚጠይቀው ሀብትም ከፍተኛ ነው።

በልየታ ረገድ ተደጋግሞ የሚነሳው የታይላንድ ልምድ ነው። በላምፓንግ ክፍለ ሀገር በ2011 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 65 የሆኑ ነዋሪዎች በሰገራ ውስጥ የተሰወረ ደምን የሚለይ ምርመራ እንዲያደርጉ የተጋበዙ ሲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥሪውን ተቀብለዋል። ለውጤቱ ወሳኝ የነበሩት በየመንደሩ ያሉ የጤና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይሁን እንጂ ደም ከተገኘባቸው መካከል ከአራት አንድ የሚበልጡት ኮሎኖስኮፒ ሳያደርጉ ቀርተዋል። ታይላንድ ከብዙዎቹ የአፍሪካ ሀገራት የተሻለ ገቢና የተደራጀ ሁለንተናዊ የጤና ሽፋን ያላት መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ችግሩ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ለምሳሌ 100 ሺህ ሰዎች ተመርምረው አምስት በመቶው ደም ቢገኝባቸው፣ 5 ሺህ ሰዎች ኮሎኖስኮፒ ይጠብቃሉ። በቀን አሥር ሰው የሚያስተናግድ አንድ ክፍል በዓመት 250 የሥራ ቀናት ቢሠራ፣ ሌላ ታማሚ ሳይቀበል እነዚህን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ያስፈልገዋል። ይህ የድሀ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ይህንኑ ምርመራ በ2019 እ.ኤ.አ. ስትጀምር፣ በአንድ ግራም ሰገራ 120 ማይክሮግራም ሄሞግሎቢን ያልደረሰ ሰው ወደ ኮሎኖስኮፒ እንዳይላክ ወሰነች፤ ስኮትላንድ ግን ልኩን 80 ላይ አድርጋ ነበር። እንግሊዝ ልኩን ከፍ ያደረገችው በዋናነት የኮሎኖስኮፒ አገልግሎቷ ከዚያ በላይ ስለማይሸከም ነው።

በኢትዮጵያና መሰል ሀገራት ትልቁ ብክነት የሚታየው ምልክቱ ከታየ በኋላ ነው። ሰገራው ደም የቀላቀለ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታሰበው አሜባ ነው፤ ግምቱ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፣ በሽታው በእርግጥም የተለመደ ነውና። መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ደሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል፣ ከወር በኋላ ይመለሳል፣ ያው መድኃኒት በድጋሚ ይሰጠዋል። ሌላው ሕመሙን ኪንታሮት ነው ብሎ ይደብቃል፤ በየመንገዱ ማስታወቂያ ወደ ለጠፉ የባህል ሐኪሞችም ይሄዳል። ደም ማነስ የተገኘበት ጎልማሳ የአይረን እንክብል ተሰጥቶት ይሸኛል፤ ደሙ በየት በኩል እንደሚፈስ የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል። በዕድሜ ወጣት የሆነ ታማሚ ደግሞ «ለካንሰር ገና ነው» በሚል ግምት ይበልጥ ይዘገያል። ሆኖም ሕዝባቸው በአብዛኛው ወጣት በሆነባቸው ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገራት በአንጀት ካንሰር የሚያዙ ሰዎች አማካይ ዕድሜ ከአውሮፓ ያነሰ ነው።

ይህን መዘግየት ለማሳጠር የሚያስፈልገው ሁሉ ውድ አይደለም። በጓንት የሚደረግ የፊንጢጣ የጣት ምርመራ ዝቅ ብሎ የሚገኝን ዕጢ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያመለክት ይችላል። ምርመራው የሚታለፈው በታማሚውም በባለሙያውም ዘንድ ባለው ሐፍረት፣ በክፍሉ መጨናነቅና መጋረጃ እንኳ ባለመኖሩ ነው። መጋረጃ የበጀት ጉዳይ መሆኑን ለመቀበል ይከብዳል።

ሁለተኛው መሣሪያ የሰገራ ደም ምርመራው ራሱ ነው፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ግን በጤናማ ሰው ላይ ሳይሆን ምልክት ባለው ሰው ላይ ይሆናል። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ምልክት ያላቸው ታማሚዎች በዚህ ምርመራ እንዲለዩና 10 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የተገኘባቸው በቅድሚያ እንዲላኩ መክሯል። ኮሎኖስኮፒ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት ሀገር ወረፋውን ማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ይህ አሠራር ተገቢነት አለው። አዲሱ ምርመራ የሰውን ሄሞግሎቢን ብቻ የሚለይ በመሆኑ፣ ከቀድሞው በተለየ መልኩ ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ የበላን ሰው አያሳስትም። ሄሞግሎቢን በሙቀት ስለሚበላሽ ግን በቆላማ አካባቢዎች ናሙናው ሳይቆይ ላቦራቶሪ መድረስ ይኖርበታል። የአንጀት ብልሃርዚያ ባለባቸው አካባቢዎችም በትሉ ሳቢያ የሚፈስ ደም ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ የሌላ ሀገር መለኪያ በቀጥታ ሊወሰድ አይገባም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎቹ ከቤተሰብ ጋር ያላቸው ቅርበት ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ደም ወይም የሰገራ ልማድ ለውጥ ያለበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ያስችላል። ከዚያ በኋላ ያለው የቅብብሎሽ ሰንሰለት ግን ብዙ ቀለበት አለው፤ ናሙናውን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ለፊንጢጣ ካንሰር ደግሞ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል። ሪፈር የተጻፈለት አርሶ አደር የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪውን ከራሱ የሚሸፍን ከሆነ፣ ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ቤት ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ታማሚዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራው እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። ተመሳሳይ መለኪያ ለአንጀት ካንሰርም ሊያገለግል ይችላል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ካንሰርነቱ የተረጋገጠበትን ቀን ይይዛል። ታማሚው ስለ ደሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለሙያ የተናገረበት ቀን ግን የሚገኘው፣ ከተጻፈ፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ነው፤ የጠፋው ጊዜ የሚሰላውም ሁለቱ ቀናት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።