አበባ ስለ መካፈል

ሐዋሳ ላይ አበባ የሌለበት ግቢ መፈለግ ያደክማል። አጥሩን ቡገንቪሊያ ያለበሰው፣ ደጁን ጀራንየም የከበበው ቤት ብዙ ነው። እኔን የሚከነክነኝ የአበባው አመጣጥ ነው። አብዛኛው ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ በጥቁር ፕላስቲክ ታቅፎ ይመጣል፤ ሲደርቅ ሌላ ይገዛል። ሻጩን አልነቅፍም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን የሲዳማ መዲና የሆነች ከተማ አበባ ማባዛትን ለገበያ ብቻ መተዋ ያስቆጫል።

ለምን ቢሉ፣ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ የዚህ ጥበብ ባለቤት ነውና። እንሰትን የሚያራባው ዘር በመዝራት አይደለም። ጥቂት ዓመት ያደገውን እንሰት ይቆርጥና፣ ከአሚቾው መሐል የሚያድገውን ቡቃያ ፈልፍሎ አውጥቶ አሚቾውን መልሶ ይቀብረዋል። ወደ ላይ ሊወጣ የነበረው ጉልበት ያን ጊዜ በዙሪያው ይፈነዳል፤ ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር ችግኝ ይበቅላል። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ገበሬው ያንን አበባ አይጠብቅም።

የጓሮ አበባም ከዚህ አይርቅም። ካና ሲጨናነቅ ተቆፍሮ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፋይ ዓይን ይኑረው እንጂ ይበቅላል። ጀራንየም ከአንጓው ሥር ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹ ተነቅለው አሸዋማ አፈር ላይ ቢተከል በጥቂት ሳምንታት ሥር ይሰዳል። ቡገንቪሊያ ትዕግሥት ይፈትናል፤ ጠንከር ካለ እንጨቱ መቁረጥ ይሻላል። (በነገራችን ላይ ቀለሙ የቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።) ቢላውን ግን በእሳት አሳልፉት። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከማሳ ማሳ የሚዛመተው በዚሁ ባልጸዳ ቢላ ነው፤ የአበባ በሽታም እንዲሁ ይሸጋገራል።

ዘርንም ጨርሰን አንርሳ። ከቁራጭ የበቀለች ጽጌረዳ ያቺው እናቲቱ ናት፤ መንደሩ ሁሉ የአንዲት እናት ቁራጭ ከሆነ አንድ በሽታ ሁሉንም ያገኛል። ከዘር የምትበቅለው ምናልባት እናቷን አትመስልም፤ ደስ የሚለውም ይኸው ነው።

እንሶስላን ግን በምገባባቸው የሐዋሳ ግቢዎች አላየሁትም። የእጅና የእግር ማቅለሚያነቱ ቀርቶ ለአበባው ውበት ብቻ እንኳ ጥላ ሥር ቦታ ይገባው ነበር። ሥሩ ያለው አንባቢ ካለ፣ ከእኔ ካና ሦስት ዓይን ይወስዳል።