የልብን ያነባል ስለ ተባለው መሣሪያ

አንድ የኮምቦልቻ አባት ከውጭ አገር የተላከላቸውን፣ በግንባር እየታሰረ የአንጎልን ሞገድ የሚለካ የጨዋታ መሣሪያ ይዘው፣ ልጃቸውንም አስከትለው ደሴ ድረስ መጡና «ሲዋሸኝ ይነግረኛልን?» ሲሉ ጠየቁን።

ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ በ1924 እ.ኤ.አ. መዝግቦ በ1929 አሳተመ። ይኸው ኤሌክትሪክ የራስ ቅልን አልፎ ሲወጣ ከቮልት ሚሊዮንኛ በጥቂት አሥሮች ብቻ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ መሣሪያው መረጋጋትንና ንቃትን በግምት ይለያል እንጂ ቃልን ወይም ውሸትን አያነብም። ዐይን ማርገብገብና ጥርስ መንከስ እንኳ ከአንጎሉ ሞገድ ይልቅ ጎልተው ይገቡበታል።

እኛም አጥልቀነው ጥርሳችንን ብንነክስ፣ በአሳብ ትነሣለች የተባለችው የስልኩ ኳስ ያለ አንዳች አሳብ ወደ ላይ ወጣች። ልጁ ሣቀ፤ አባቱ ግን ሳይሥቁ መሣሪያውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ኮምቦልቻ ይዘውት ወረዱ።