«ግቢ የለንም» የምትባለው ሰበብ

ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ኮሌጅ ማለት ፎቅ ነው። ታች ሱቅ፣ መሀል ካፌ፣ ላይ የመማሪያ ክፍል። ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ የእንዲህ ዓይነት ኮሌጆች መልስ አንድ ነው፦ «ግቢ የለንም፤ ምኑ ላይ እንትከል?»

ግቢ ያላቸውስ? ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሰፊ ግቢ አለው። በ1940ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ከተመሠረተ ጀምሮ ስለ አፈርና ውሃ ሲያስተምር ኖሯል። ደጁ ላይ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይሳባል፤ ሐረር ከተማም የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከዚያው ነበር፤ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ደግሞ ሞላው። ለእያንዳንዱ ምክንያት ግቢው ውስጥ ኮርስ ነበረ። ጥፋቱን ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ሐይቁም በቅርብ ዓመታት ውሃ ይዟል። ግን ሰፊ ግቢ ብቻውን እንደማያድን ከዚህ ወዲያ ምስክር አያሻም።

የሐምሌው ችግኝም ያው ነው። ሐምሌ ላይ አብዛኛው ተማሪ እረፍት ላይ ነው፤ ፎቶ የሚነሱት አስተዳደሮቹ ናቸው። ችግኙ ውሃ የሚጠማው ጥርና የካቲት ነው። ያኔ ተማሪው ክፍል ተቀምጦ ስለ በረሃማነት ማስታወሻ ይገለብጣል። ባልዲ አንስቶ ስላጠጣ ውጤት የሰጠው መምህር የት አለ?

የኪራይ ፎቅ ደግሞ ባዶ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ይጠራል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። የካፌው ትራፊና የውሃ ፕላስቲኩ አንድ ላይ ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ በማኅበር ልጆች ጋሪ ይወጣል። የከተማዋ ቆሻሻ መጨረሻው የት እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል።

የአካውንቲንግ ተማሪ የናፍጣውንና የቦቴውን ወጪ ያስላ። የጤና ተማሪ ቆሻሻውን ለይቶ በሚዛን ይመዝን። የማርኬቲንጉ ካፌውን ፕላስቲክ እንዲቀንስ ያግባባ። የመመረቂያ ጽሑፍ ከኮምፒውተር ቤት በሚገዛበት ከተማ፣ ከማንም ሊቀዳ የማይችል ርዕስ ደረጃው ሥር ተከምሯል።

«ባለሕንፃው አይፈቅድም» ይባል ይሆናል። ቆሻሻ ለመመዘን የማን ፈቃድ ይጠየቃል? የሚያስፈራው ሌላ ነው። መቁጠር የጀመረ ተማሪ ነገ የኮሌጁን ደረሰኝ ልይ ይላል።