ቅባቱ «የሌለበት» ሳይሆን ያለበት ይመርመር

«ከፓራቤን ነጻ፣ ከሲሊኮን ነጻ፣ ከሽቶ ነጻ።» አንድ የፊት ቅባት ገበያ የሚወጣው በያዘው ሳይሆን ባልያዘው ነገር ከሆነ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአሜሪካ «ክሊን ቢውቲ» የሚባለው የመዋቢያ ንግድ የቆመው በዚህ የ«ነጻ» ዝርዝር ላይ ነው። ድራንክ ኤለፋንት የተባለው ኩባንያ ስሙን የተከለው ስድስት ዓይነት ግብዓቶችን «አጠራጣሪዎቹ ስድስት» ብሎ ፈርጆ አንዳቸውንም አልነካም በማለት ነው፤ የጃፓኑ ሺሴይዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያውን በ845 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ፕሮቲኒ የተባለው ታዋቂ ቅባቱ 50 ሚሊ ሊትሩ በ68 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ለዚህ ዋጋ ምን ማስረጃ ይሆናል? ምንም። በአሜሪካ ሕግ ቃሉ ትርጉም የለውም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዝርዝር ያወጣል፣ በዚያው ዝርዝርም ራሱን ንጹሕ ይላል።

ቃሉ ባዶ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ የኪስ ነበር። ፓራቤን የተባለው ማቆያ ታሪክ ግን ከዚያ የከፋ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ የተሠራ አነስተኛ ጥናት ከተመረመሩ 20 የጡት ዕጢ ናሙናዎች ፓራቤን ማግኘቱን ዘገበ። ከጤነኛ አካል የተወሰደ ናሙና ለንጽጽር አላቀረበም፤ ፓራቤን ካንሰር ያመጣል ብሎም አልደመደመም። ፍርሃቱ ግን ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠ፤ አምራቾችም ፓራቤንን ከቅባታቸው ማውጣት ያዙ። ውሃ ያለበት ቅባት ደግሞ ማቆያ ካልገባበት ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላልና ምትክ ያስፈልግ ነበር፤ ብዙዎች ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የተባለውን መረጡ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በአውሮፓና በአሜሪካ ፊታቸው የሚቀላና የሚያሳክካቸው፣ እጃቸው የሚላጥ ሰዎች በረከቱ። በንክኪ የሚመጣ የቆዳ ብግነትን የሚያጠኑ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ማቆያ የ2013 «የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ» አለው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ኋላ ቆዳ ላይ ተቀብተው ከሚቆዩ ቅባቶች ከለከለው። ያው ማኅበር በ2019 ፓራቤንን «የዓመቱ አለርጂ የማይቀሰቅስ» ብሎ ሰየመ። በፍርሃት የተባረረው ማቆያ፣ ከተተካበት ይልቅ ለቆዳ የዋህ ነበር።

የአሜሪካ ሕግ ልል ስለሆነ ሸማቹ ራሱን ቢጠብቅ ምን ይነቀፋል የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው። አውሮፓ ከሺህ በላይ ንጥረ ነገሮችን ከመዋቢያ ሲከለክል የአሜሪካ ፌዴራል ዝርዝር በጣት የሚቆጠር ነው፤ በ1938 የወጣው ሕግም ሰፊ ማሻሻያ ያገኘው በ2022 መጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ አውሮፓ የሠራችው ሥራ ከማስታወቂያው ተቃራኒ ነው። በ2014 አምስት የፓራቤን ዓይነቶችን ከለከለች፤ ሌሎቹን በመጠን ገድባ ፈቀደች። እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በስሙና በመጠኑ መመዘን ማለት ይህ ነው፤ የአንድን ቤተሰብ ስም በጅምላ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። ሽቶን በተመለከተ ግን ኩባንያዎቹ ልክ ናቸው፤ ሽቶ፣ ከአበባ የተጨመቀውም ጭምር፣ ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው በእርግጥ ችግር ነው። ሆኖም ሽቶ የሌለበት ቅባት በየመድኃኒት ቤቱ በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ስለዚህ ምርመራው ከሳጥኑ ጀርባ ይጀምር። ግብዓቶች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ከአንድ በመቶ በታች የሆኑት ግን እንደ አምራቹ ፈቃድ ይደረደራሉ። ፊኖክሲኤታኖል የተባለው ማቆያ በአውሮፓ ከአንድ በመቶ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ እዚያ በሚሸጥ ቅባት ላይ ከእርሱ በኋላ የተጻፈ የተክል ጭማቂ ሁሉ፣ ፊት ለፊት በትልቅ ፊደል ቢተዋወቅም፣ ቢበዛ አንድ በመቶ ነው። ቆዳን የሚያረጥበው ሥራ በአብዛኛው ከላይ ባሉት ይሠራል፦ ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፣ ዘይቱ ውሃው እንዳይተን ይከላከላል። በብዙ «ንጹሕ» ዝርዝሮች የተወገዘው ቫዝሊን፣ አዲስ አበባም ሆነ ገጠር በርካሽ የሚገኘው፣ ውሃን ቆዳ ውስጥ በማስቀረት ከሁሉም ይበልጣል። አዲሱ ቅባት በሻንጣ ከዋሽንግተን ይምጣ ከዱባይ፣ ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት የክንድ ውስጠኛው ክፍል ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀባ። ከቀላ ወይም ካሳከከ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን፣ ለዚያ ሰው አይሆንም።