የተለቀቀው ዓሣ ወዴት ይሄዳል?

በዚህ ወር የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ስሕተት ነው። መምህር የተሳሳተውን ነገር ራሱ ካላረመው፣ ስሕተቱ በተማሪዎቹ ዘንድ ትምህርት ሆኖ ይኖራልና።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ በአብነት ሠፈር ከሚኖሩት ተማሪዎቼ አንዱ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች በባልዲ ይዞ ከቤቴ ደጃፍ ቆመ። አባቱ ከነመስተዋት ገንዳቸው የገዙለት ነበሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ጠባብ ቤት ሊዛወር ስለ ሆነ ለገንዳው ስፍራ ታጣ። እናቱም «ነፍስ ያለውን ፍጥረት እንዲሁ መጣል ነውር ነው፤ የኔታን ጠይቃቸው» ብለው ልከውታል። እኔም ብዙ ሳልመረምር «ከወንዝ ልቀቃቸው፤ ለእንስሳ መራራት የጽድቅ ሥራ ነው» አልሁት። በማግሥቱም በጓደኞቹ ፊት አቁሜ አመሰገንሁት። አብነት ማለት ምሳሌ ማለት ነውና፣ የአብነት ልጅ እንደ ስሙ ሆነ ብዬ በሠፈራችን ስም ተጫወትሁ።

ነገሩን መልሼ እንዳስብ ያደረገኝ፣ በጥር ወር ወደ ጎርጎራ ሄጄ ደብረ ሲና ማርያምን በተሳለምሁ ጊዜ ያየሁት ነው። በደንቢያ በኩል ባለው የጣና ዳርቻ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው እምቦጭ በእጃቸው ይነቅሉ ነበር። የእምቦጭ ሐምራዊ አበባ እጅግ ያማረ ነው፤ ጥፋቱም የጀመረው ከዚሁ ከውበቱ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ ሰዎች ለአትክልት ስፍራቸው ኵሬ ጌጥ ይሆናል እያሉ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። ከኵሬው ወጥቶ ወንዝ ካገኘ በኋላ ግን የሚመልሰው አልተገኘም። በአገራችን በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ታየ፤ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ብርሃንና አየር ከውኃው ይከለክላል፤ መረብ ይይዛል፤ ጀልባ ያግዳል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ተቀብሮ ይቆያል። አንድ አዛውንት ገበሬ ከነቀሉት ክምር አጠገብ ዐረፍ ብለው «ይህን ያመጣብን ማን ይሆን?» ሲሉ ሰማሁ። እኔም የዚያ ልጅ ባልዲ ትዝ አለኝ።

ወርቃማው ዓሣ፣ በቻይና አገር ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ ሲያረቡት የኖሩት፣ የካርፕ ዘመድ ነው። በመስተዋት ውስጥ ጣት የሚያህለው ዓሣ ሰፊ ውኃ ሲያገኝ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ምግቡን ከጭቃ እየቆፈረ ስለሚፈልግ ውኃውን ያደፈርሳል፤ የውኃውን ሣር ይነቅላል፤ የሌሎችን ዓሦች ዕንቍላል ይበላል፤ ከገንዳው ይዞት የወጣውንም በሽታ ያካፍላል።

ከሠፈራችን የሚወርደው ውኃ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ትንሹ አቃቂ ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ይገናኛል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ፣ በአዋሽም ወደ ቆቃ ይሄዳል። ይህን መንገድ በካርታ ላይ እያሳየሁ ሳስተምር ስንት ዘመኔ ነው! ባልዲው በመጣ ጊዜ ግን አልታሰበኝም። ትንሹ አቃቂም የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚሸከም ወንዝ ነው። ስለዚህ በንጹሕ ውኃ ያደጉት ዓሦች ወይ ተሠቃይተው ይሞታሉ፤ ወይም፣ ወርቃማው ዓሣ የቆሸሸ ውኃ የሚችል ነውና፣ በሕይወት ተርፈው የክረምቱ ጎርፍ ወደ ታች ሲያወርዳቸው በእነ ቢልጫ፣ በእነ ቆሮሶና በእነ አምባዛ ቤት ይገባሉ። ምሕረት ያልሁት ነገር በሁለቱም በኩል ምሕረት አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ እንግዳ ዓሣ ሁሉ ጠላት አይደለም። ካርፕ ራሱ ከኢጣሊያ መጥቶ በአባ ሳሙኤል የተጨመረ ነው፤ ዛሬ በቆቃና በዝዋይ ለብዙ አጥማጆች እንጀራ ሆኗል፤ እኔም በልቼዋለሁ፤ ይጣፍጣል። ነገር ግን እንጀራ የሚሆነው የትኛው፣ እምቦጭ የሚሆነውም የትኛው እንደ ሆነ ከባልዲው ውስጥ አይታይም።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በነገርኋቸው ቀን ልጁ ከትምህርት በኋላ ቀርቶ፣ «የኔታ፣ ታዲያ ኃጢአት ሠርቻለሁ?» አለኝ። «አንተ ጠይቀህ የታዘዝኸውን ፈጸምህ፤ ሳይመረምር ያዘዘው እኔ ነኝ» ብዬ መለስሁለት። ለእናቱም ሄጄ ይህንኑ ነገርኋቸው። እንዲህ ያለ ገንዳ በቤታችሁ ያለ ወላጆች፣ ማቆየት ቢያቅታችሁ ዓሣውን ለሸጠላችሁ ነጋዴ መልሱ፤ ወይም ለሚጠብቅ ሰው ስጡ። የገንዳውን ውኃ ከቦይ ሳይሆን ከደረቅ አፈር ላይ አፍስሱ፤ ሣሩንም በፀሐይ አድርቃችሁ አቃጥሉ። ከመግዛታችሁም በፊት፣ ይህ ዓሣ ደኅና ከተያዘ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚኖር አስቡ፤ ልጁ ከቤት ሊወጣ፣ ዓሣው ግን ከእናንተ ጋር ሊቀር ይችላል።

ነገሩ በሠፈሩ ከተሰማ ወዲህ አንዲት ጎረቤት አንድ ወርቃማ ዓሣ ከነገንዳው ወደ ትምህርት ቤቱ አመጡ። አሁን በክፍላችን መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ በየማለዳው ቁንጥር ምግብ የሚጥልለት ያው ልጅ ነው። ሌላው ተማሪ ደግሞ በጾም ቀን ቁርሱን እናስቀርበት ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እንዳያስቀሩበት ነግሬአቸዋለሁ።