«ግፉ!» እስከ መቼ?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ መኪና አልነሳ ሲል መፍትሔው የታወቀ ነው፤ «ኧረ ግፉልን!»። ከገበያ የሚመለሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው፣ ከመስጊድ የሚመጣው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን አስቀምጦ ይገፋል። መልካም ባህል ነው፤ የሚነቅፈው የለም። ጥያቄው ይህን መልካምነት እንደ መኪና ዕቃ በሚቆጥሩት ላይ ነው። በተለይ አምቡላንስ ተረክበው «ሰው አይጠፋም፣ ይገፋል» በሚሉት ላይ።

ተገፍቶ መነሳት ሰው፣ ቁልቁለትና የእጅ ማርሽ ይፈልጋል። ቁልቁለቱ በቦረናም በሳይንትም ሞልቷል። ሰውም በቀን አይጠፋም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግን፣ ያውም ጸጥታው እንዲህ በሆነበት ጊዜ፣ በሩን ከፍቶ የሚወጣ የለም፤ ባይወጣም አይፈረድበትም። ማርሹ ደግሞ እየቀረ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ መኪናው ሲንደረደር ለቀቅ ማድረግ የሚቻለው በማንዋል ካምቢዮ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ቪትዝ የያዘ ሰው መንደሩን በሙሉ ቢያስገፋ የሚያተርፈው የሰው ላብ ነው።

ብርዱንም የሚያስታውስ የለም። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በለጋምቦ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እዚያ የሚመታው ገብሱን ብቻ አይደለም። የመኪና ባትሪ ጉልበቱን የሚያገኘው ከኬሚካል ለውጥ ስለሆነ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ጤነኛ ባትሪ እንኳ ከጉልበቱ ጥሩ ድርሻ ያጣል። በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ ወፍሮ ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ናፍጣ ከሆነ ችግሩ ይጨምራል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው ደግሞ ታምቆ በጋለ አየር ነው። ስለዚህ አዳማ ላይ እየተንገዳገደም ቢሆን የሚያስነሳ ባትሪ አቀስታ ላይ ጎሕ ሲቀድ «ጠቅ፣ ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል።

መኪናውም ባትሪውም እያረጁ መሄዳቸው ሌላው ጉዳይ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ያለውን መኪና ማቆየት ግዴታ ሆነ፤ ማቆያው ተወደደ። ሦስትና አራት ዓመት አገልግሎ መቀየር የነበረበት ባትሪ «ትንሽ ይቆይ» እየተባለ ስድስተኛ ክረምቱን ይገባል።

እዚህ ላይ ነው በገበያ ጃምፕ ስታርተር የሚባለው፣ በአንድ እጅ የሚያዘው ማስነሻ ትርጉም የሚኖረው። የጃምፐር ካቮ ሌላ መኪና ይፈልጋል፤ ይህ አይፈልግም። ቀዩ መቆንጠጫ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ባለ ባዶ የሞተር ብረት ላይ ይያዛል። ራቅ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ይነቀላል። ለተራራው መንገድ የተሠራ እስኪመስል ድረስ የሚመች ዕቃ ነው። ይህን ዕቃ ግን ነጋዴው አበላሽቶታል።

በዚሁ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች ያየ ያውቃል። አንዱ «2,000 አምፔር» ሲል ጎረቤቱ «6,000 አምፔር» ይላል፤ ዕቃዎቹ ግን መጠናቸው እኩል ነው። ለመኪና ባትሪ የብርድ ማስነሻ አቅም ሲጻፍ መለኪያው የታወቀ ነው፦ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ለ30 ሰከንድ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ የሚሰጠው አምፔር። ጃምፕ ስታርተር ላይ የሚጻፈው «ፒክ» ግን የቅጽበት ቁጥር ነው፤ ለስንት ሰከንድ፣ በስንት ቮልት እንደሆነ ሳጥኑ አይናገርም። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ገንዘብ ማውጣት በሬን በቀንዱ ርዝመት እንደመግዛት ነው።

ውሸቱን ለመያዝ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የመካነ ሰላም የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። ሳጥኑ 99,800 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል እንበል። የሊቲየም ሴል 3.7 ቮልት ስለሆነ ሲባዛ 369 ዋት ሰዓት ይሆናል። በገበያ ካሉት ሴሎች ምርጥ የሚባለው በአንድ ኪሎ ከ250 ዋት ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ለማስነሻ የሚሆነው፣ ኃይሉን በአንድ ጊዜ የሚለቀው ዓይነት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ መሣሪያው እውነተኛ ከሆነ ሴሉ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ሊመዝን ይገባል። ሚዛኑ ላይ ግማሽ ኪሎ ከወጣ ሻጩ ዋሽቷል፤ ክርክር የለውም። በአንጻሩ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ማለትም 37 ዋት ሰዓት ብሎ በትክክል የጻፈ፣ ካቮው ወፍራም፣ መቆንጠጫው ጠንካራ የሆነ ዕቃ ለትንሽ ቤንዚን መኪና ይበቃል። ለናፍጣ ሚኒባስ ከዚያ ከፍ ያለ ይፈለጋል።

ይህን የማጣራት ሥራ ለምን ገዢው ላይ ተጣለ? አገሪቱ ሕግ አላት፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት መግለጫ ይከለክላል። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አለ፣ የደረጃ ተቋም አለ፣ ጉምሩክ አለ። ለእህልና ለሥጋ ሚዛን ተቆጣጣሪ የሚልክ መንግሥት ለዚህ ሳጥን ሲሆን ዓይኑን ይጨፍናል። «ትንሽ ዕቃ ናት» የሚል መልስ ይኖር ይሆናል። ትንሽ ናት፤ ውሸት መሆኗ የሚታወቀው ግን በረሃ ላይ ወይም ውርጭ ላይ፣ ሰው በሌለበት ነው።

ከቁጥሩ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። አብዛኛው ጃምፕ ስታርተር ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ ደግሞ ሁለት ባትሪ ተያይዞለት በ24 ቮልት ይሠራል። «ለማንኛውም መኪና» የሚል ማስታወቂያ አምኖ የገዛ የአይሱዙ ባለቤት ያገኘው ትልቅ የስልክ ቻርጀር ነው። አንዳንድ ላንድክሩዘርም 24 ቮልት ስለሆነ ከመግዛት በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ነው። «ቡስት» የምትባለዋ ቁልፍም በዘፈቀደ አትነካም፤ በብዙዎቹ ላይ ቀይና ጥቁር ሲቀያየር የሚከላከለውን መጠበቂያ የምታጠፋው እሷ ናት።

አሁን ወደ ባለቤቱ። ሁሉንም በነጋዴውና በመንግሥት ማሳበብ ይቀናል፤ ትክክለኛውን ዕቃ ገዝቶ ወንበር ሥር ወርውሮ ዓመት የሚረሳው ግን ባለቤቱ ነው። ባዶ ማስነሻ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይስ ጎማ ሥር ይደረጋል። ሰበቡ መብራት ነው። ሰበቡ ውስጥ እውነት አለ። በቦረናና በሳይንት ላይ የሚዘንበው ዝናብ በበሽሎና በወለቃ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውን፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ግድብ ከሚሞሉት ውኃዎች አንዱ ነው። የውኃው ባለቤት ሻማ ሲያበራ ማማረሩ ተገቢ ነው። ለዚህ ዕቃ ግን መብራት መጥፋቱ በቂ ሰበብ አይሆንም፤ መኪናው ራሱ የመብራት ኃይል አለው። 37 ዋት ሰዓት የሚይዘው ማስነሻ በ5 ቮልትና 2 አምፔር የመኪና ቻርጀር በአራትና አምስት ሰዓት ይሞላል። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ያለው መንገድ አብዛኛውን ይሠራዋል።

ጊዜው በየሦስት ወሩ ቢሆን ይበቃል፤ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት፣ ሰኔ። ከተጠቀሙበት በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይጎዳል፤ ስለዚህ ውርጭ ሲያድርበት ያደረው መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ። ሙቀትም ይገድለዋል። ማለዳ ከለጋምቦ ተነስቶ፣ በመካነ ሰላም አልፎ፣ በጉንደወይን መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር በአንድ ቀን ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወት ሥር ፀሐይ እየጠበሰው አይተውም፤ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም፣ ይጣላል።

«ዲናሞው ከተበላሸስ ምን ይረባል?» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ልክ ናቸው፤ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካልታየ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ግን ዲናሞውን ለማሠራት ምክንያት ይሆናል እንጂ ማስነሻ ላለመያዝ አይሆንም።

የግል መኪና ባለቤት ቢዘናጋ ጉዳቱ የራሱ ነው። አምቡላንስ እንደዚያ አይደለም። ከመካነ ሰላም ሆስፒታል ወደ ደሴ ሪፈር የተባለች ወላድ ከፊቷ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ደም እየፈሰሳት ሳለ ሹፌሩ ቁልፍ ሲያዞር «ጠቅ» ካለ፣ ሌላ መኪና እስኪፈለግ፣ ዘበኛው እስኪቀሰቀስ፣ የሚገፋ እስኪሰበሰብ የሚያልፈው ሰዓት ከእሷ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ለአምቡላንስ ሹፌር መኪና ሲያስረክቡ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማና እሳት ማጥፊያ ቆጥረው ያስፈርሙታል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በዚያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ማስነሻ፣ ቮልቱ፣ በሚዛን የተረጋገጠ ክብደቱ። ከጎኑም መጨረሻ ቻርጅ የተደረገበት ቀንና ያደረገው ሰው ፊርማ።