ሜዳሊያው ከታደለ በኋላ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ያጫወተችኝ ነገር ከአንጀቴ አልወጣ ብሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፣ ሌሊት እናቷን ማስታመም ነበር ኑሮዋ። ልትመረቅ ሦስት ሳምንት ሲቀራት እናትየው አረፉ። በምርቃቷ ዕለት ጋዋኗን ለብሳ፣ ፈገግ ብላ ፎቶ ተነሳች። ጎረቤት ታዲያ ዝም ይላል? "ይቺ ልጅ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት? እንባ እንኳ የላትም!" ይባል ጀመር።

"ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ ለመስቀል እጄ እምቢ አለኝ" አለችኝ።

ምን ልበላት? አንድ ኮሚክ ትዝ አለኝ። አትሳቁብኛ!

"ስታር ዋርስ" የተባለውን የ1977 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማርቭል በ2015 (እ.ኤ.አ.) ስለ ልዕልት ሊያ አምስት ክፍል ያለው ኮሚክ አውጥቶ ነበር። ደራሲው ማርክ ዌይድ፣ ሠዓሊው ቴሪ ዶድሰን ናቸው። ታሪኩ የሚነሳው ፊልሙ ካለቀበት፣ ከሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት ነው። አማጽያኑ ፕላኔት የሚያጠፋውን ዴዝ ስታርን አፈንድተዋል። ድሉ ግን በነፃ አልተገኘም። ለውጊያ ከወጡት አብራሪዎች የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሊያ አገር አልደራንም ከነሕዝቧ፣ ከነአሳዳጊ ወላጆቿ፣ ዓይኗ እያየ አመድ ሆናለች።

ሊያ ግን መድረክ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰዉም ያማታል፤ ቀዝቃዛ ናት፣ አላዘነችም ይላል።

ጠላት ሠፈራቸውን ስላወቀ አማጽያኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው መሸሽ አለባቸው። ጄኔራል ዶዶናም "ጠላት እየፈለገሽ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ይላታል። እሷ ግን ኢቫአን ከምትባል ያገሯ ልጅ ጋር በመንኮራኩር ውልቅ! ልጅቷ አብራሪ ናት፤ ሊያንም እምብዛም አትወዳትም። የሄዱት በየፕላኔቱ የተበተኑትን የአልደራን ሰዎች ጠላት ሳይቀድማቸው ለመሰብሰብ ነው። ያገኟቸው ሁሉ በእልልታ አልተቀበሏቸውም። ቢሆንም ሊያ አልተመለሰችም።

ለጓደኛዬ ያልኳት ይህንኑ ነው። ያላለቀሰ ሁሉ አላዘነም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ እንባው አይመጣለትም። ድልም ሐዘንን አይሰርዝም፤ ሁለቱ አንድ ቤት ማደር ይችላሉ። ብቻሽን ግን አትቀመጪ። እናትሽን የሚያውቁትን፣ አክስትሽንም ሆነ ያኮረፈችውን እህትሽን ሄደሽ ፈልጊ። ቡና አፍልታችሁ ስለ እሳቸው አውሩ። እንባው ከመጣ ይምጣ፣ ሳቁም ከመጣ ይምጣ።

እናንተ ጎረቤቶችስ? የሰው እንባ መቁጠሩን ተዉትና እስቲ በሯን አንኳኩ።

ጓደኛዬ ባለፈው እሑድ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ዲፕሎማውን የሰቀሉት አክስቷ ናቸው፤ ከእናቷ ፎቶ አጠገብ።

እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን!